ገንዘቡ ከደረሰ በኋላ

በዕድር ስብሰባ ላይ ገንዘብ ያዡ የዓመቱን ገቢና ወጪ ሳያነብ ቢቀር ዝም ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ አባል አይገኝም። ከድንኳንና ከወንበር ኪራይ ስንት ገባ? ለሐዘንተኛው የተከፈለው በደንቡ መሠረት ነው? መዋጮ ያላስገቡት እነማን ናቸው? መዝገብ ይገለጣል፣ ሒሳብ የሚመረምሩ ሰዎች ይመረጣሉ፣ አንዳንዴም ድምፅ ከፍ ይላል። ያም ሆኖ ጠያቂውን «ጎረቤትህን አታምንም እንዴ?» ብሎ የሚወቅሰው የለም፤ መጠየቅ የዕድርተኝነት ወግ ነውና። ይኸው ሰው በማግስቱ ስልኩ ላይ የእርዳታ ጥሪ ያያል፦ የታመመች ሕፃን ፎቶ፣ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ከጀርባው ሆድ የሚያባባ ዋሽንት። የዕድር መዋጮውን ብዙ እጥፍ የሚሆን ብር ወዲያው ይልካል። ቢጠይቅም የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለተባለው ሰው ይደርሳል ወይ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ ብቻውን መቅረቱ ነው። ገንዘባችን እንዳይሰረቅ ከመጨነቃችን የተነሣ፣ ሳይሰረቅ ደርሶ ምን እንደሠራ መጠየቅን ትተነዋል። አንድ እርዳታ በታማኝ እጅ፣ በሙሉ ደረሰኝ፣ በተባለው ቀን ደርሶ የማንንም ኑሮ ሳይለውጥ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ብክነት ክስ አይመሠረትበትም፣ ዜናም አይሆንም፤ ለጋሹም ሳያውቀው በየዓመቱ ይደግመዋል።

ከስርቆቱ እንጀምርና ቶሎ እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ከሃምሳዎቹም ግዛቶች ጋር ሆኖ፣ በካንሰር ሕሙማን ስም ገንዘብ ሲሰበስቡ የነበሩ አራት ድርጅቶችን ከሰሰ። ከ187 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሕዝብ ሰብስበው አብዛኛውን ለአመራሮቻቸው፣ ለዘመዶቻቸውና ገንዘብ ለሚሰበስቡላቸው ኩባንያዎች አውለውታል የሚል ክስ ነበር። ይበልጥ የሚያስተምረው የሽፋኑ ብልሃት ነው። በዓይነት የተለገሰ ዕቃ ወደ ውጭ ሀገር ልከናል ብለው ከ223 ሚሊዮን ዶላር በላይ በመዝገብ ላይ አሰፈሩ፤ ለእርዳታ የዋለው ድርሻ በወረቀት ላይ አበጠ፣ የአስተዳደሩ ድርሻ ከሳ። በመቶኛ አጣርቼ እሰጣለሁ ለሚል ጠንቃቃ ለጋሽ ወንፊቱ ራሱ ተቀዶበት ነበር ማለት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ በፊላደልፊያ አንድ የጎዳና ነዋሪ የመጨረሻ 20 ዶላሩን ነዳጅ ላለቀባት ሴት ሰጠ የሚል ታሪክ ጎፈንድሚ በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ተሠራጭቶ ከ400,000 ዶላር በላይ ተሰበሰበበት። ታሪኩ ፈጠራ መሆኑ ሲታወቅ ጎፈንድሚ ገንዘቡን ለለጋሾቹ መለሰ።

ለዚህ መከላከያው አሰልቺ ይሁን እንጂ ከባድ አይደለም። በኢትዮጵያ ውስጥ በፌዴራል ደረጃ የሚሠራ ድርጅት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገብ፣ በየዓመቱም የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። የምዝገባ ምስክር ወረቀቱንና የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት አሳዩኝ ማለት ነውር የለበትም። የባንክ ሒሳቡ በድርጅቱ ስም ነው ወይስ በግለሰብ? ለሕክምና የሚሰበሰብ ከሆነ ገንዘቡን በቀጥታ ለሆስፒታሉ መክፈል ይቻላል? አሜሪካ ያለ ለጋሽ ከግብር ነፃ የሆኑ ድርጅቶች በየዓመቱ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሚያስገቡትን ፎርም 990 ማንበብ ይችላል፤ የኃላፊዎች ደመወዝ ሳይቀር እዚያ ላይ አለ፣ ድርጅቱም ቅጂውን ለጠየቀ ሁሉ የመስጠት ግዴታ አለበት። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። ዓመታዊ ገቢያቸው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ድርጅቶች የሚያስገቡት ጥቂት መስመር ያላት አጭር ቅጽ ብቻ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ጭራሽ አይገደዱም። ከትልቅ ድርጅት ይልቅ የምናምነው፣ በአገር ልጅነት የተሰባሰበው ትንሽ ማኅበር በመንግሥት መዝገብ ላይ የሚነበብ ነገር የሌለው ሊሆን ይችላል። እዚያ ያለው አማራጭ ፊት ለፊት መጠየቅ ነው፣ ልክ እንደ ዕድሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በምዕራብ ኬንያ፣ ከኡጋንዳ ድንበር አጠገብ በምትገኘው ቡሲያ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ የኔዘርላንድስ የእርዳታ ድርጅት ለገጠር ትምህርት ቤቶች መማሪያ መጻሕፍት ያድል ነበር። መጽሐፍ ለሌለው ተማሪ መጽሐፍ ስጡ ለሚል ጥሪ እጁን የሚሰበስብ ለጋሽ ማን አለ? ማይክል ክሬመር የተባለው ኢኮኖሚስትና ባልደረቦቹ ግን ድርጅቱን በአንድ ነገር አሳመኑት፤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚደርስ መጽሐፍ ስለሌለ ቀድመው የሚያገኙት ትምህርት ቤቶች በዕጣ መሰል መንገድ ይለዩና ገና ካልደረሳቸው ጋር ይነጻጸሩ። መጻሕፍቱ ደረሱ። ማንም አልሰረቃቸውም። ፈተናው ሲመጣ ግን የአብዛኛው ተማሪ ውጤት ከፍ አላለም፤ የተጠቀሙት ቀድሞውንም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ሆኑ። ምክንያቱን ፍለጋ ሲገቡ፣ መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ የተጻፉ መሆናቸውንና እንግሊዝኛ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋ መሆኑን አዩ። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ትምህርቱ ሁሉ ድንገት በእንግሊዝኛ የሆነበት አንባቢ ይህን ለመረዳት ጥናት አያሻውም። ለጋሹ የሚያየው ፎቶ ግን አዲስ መጽሐፍ ያቀፈ ፈገግተኛ ልጅ ነው፤ ፎቶው አይዋሽም፣ ልጁም ከልቡ ደስ ብሎታል፤ መጽሐፉን ማንበብ ግን አይችልም።

በዚያው አካባቢ ክሬመር ከኤድዋርድ ሚጌል ጋር ሆኖ በ75 ትምህርት ቤቶች ሌላ ነገር ሞከረ፦ የሆድ ትላትልን የሚያስወጣ እንክብል። ለአንድ ልጅ በዓመት የሚያስፈልገው ወጪ ከአንድ ዶላር ያነሰ ነው፤ ለፎቶም የማይመች እርዳታ ነው። የተማሪዎቹ ከትምህርት ቤት መቅረት ግን በሩብ ያህል ቀነሰ፤ ተላላፊነቱ ስለቀነሰ እንክብሉን ያልወሰዱ የጎረቤት ትምህርት ቤት ልጆችም ተጠቀሙ። ነገሩን ማሳመር እንዳይሆንብን ሌላውንም ወገን እንንገር። የፈተና ውጤት በዚህም አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን መልሰው ሲመረምሩ ስሕተት አገኘን ብለው ከረር ያለ ክርክር ተነሣ። ልጆቹን ለሃያ ዓመት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ደግሞ ተጨማሪ ዓመታት እንክብሉን የወሰዱት ካደጉ በኋላ በሰዓት የሚያገኙት ገቢ በ13 በመቶ ገደማ በልጦ መገኘቱን ዘገበ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ክሬመር ከአቢጂት ባነርጂና ከአስቴር ዱፍሎ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት የተሰጠው በዚህ የማነጻጸር ዘዴ ነው።

ከእነዚህ ሁለት ሙከራዎች «መጽሐፍ አትስጡ፣ እንክብል ስጡ» የሚል ትምህርት የሚያወጣ ሰው ቸኩሏል። ሌላ ቦታ፣ በልጆቹ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ሌላ ውጤት ሊኖረው ይችላል። ቁም ነገሩ፣ ለጋሹም ድርጅቱም መምህሩም በግምት ሊያውቁት ያልቻሉት ነገር በማነጻጸር ብቻ መገኘቱ ነው። የተለመደው ዕውቀታችን በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ያሳስተናል። በነፃ የተሰጠ ነገር አይከበርም የሚለውን አባባል ስንቶቻችን እናምንበታለን? ጄሲካ ኮኸንና ፓስካሊን ዱፓ በኬንያ የነፍሰ ጡሮች ክሊኒኮች የወባ አጎበርን ለአንዳንዱ በነፃ፣ ለአንዳንዱ በትንሽ ዋጋ አቀረቡ። ዋጋው ከዜሮ ወደ 60 የአሜሪካ ሳንቲም ሲወጣ የወሳጁ ድርሻ በ60 የመቶኛ ነጥብ ያህል ወደቀ፤ በነፃ የወሰዱት ሴቶች ደግሞ ከፍለው ከወሰዱት ባላነሰ ሰቅለው ተኙበት። ጥሬ ገንዘብ ከሰጠናቸው ይጠጡበታል የሚለውም እንዲሁ ነው። ከተለያዩ አገሮች 19 ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ግምገማ፣ በእርዳታ ብር ምክንያት የመጠጥና የሲጋራ ወጪ ጨምሮ አላገኘም። ስለዚህ ለማንኛውም ፕሮጀክት ሊቀርብ የሚገባው አንድ ፈታኝ ጥያቄ አለ፦ ይህን ከምታደርጉ ያንኑ ብር ለቤተሰቡ በእጁ ብትሰጡት አይሻልም ነበር? ጥሩ መልስ ያላቸው ብዙ ሥራዎች አሉ፤ ክትባት አንዱ ነው። መልስ የሌላቸውም አሉ።

«ከመቶ ብሬ ስንቱ ለተረጂው ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ኢትዮጵያ ሕግ እስከ መሆን ደርሷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። እሱን የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ አወረደው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሕጉ ጠበቀ ይላል፤ ድርጅቶቹ ግን እፎይ ነው ያሉት። በቀድሞው ሕግ ጊዜ የወጣው መመሪያ ለክትትልና ግምገማ፣ ለሥልጠናና ለመስክ ጉዞ የሚወጣውን ሳይቀር ብዙ ነገር በአስተዳደር ይመድብ ነበር፤ አዲሱ አዋጅ አስተዳደርን ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ግንኙነት በሌላቸው ወጪዎች ወሰነው፦ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ መብራትና ውኃ፣ ኢንተርኔት፣ የኦዲት ክፍያና የመሳሰሉት። የገጠር ጤና ሠራተኞችን የሚያሠለጥነው ሰው ትናንት «አስተዳደር» ነበር፣ ዛሬ «ፕሮጀክት» ሆነ፤ ሥራው አልተለወጠም፣ ተረጂውም አልተለወጠም። መቶኛው የሚነግረን ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ አመዳደቡ ነው። የሚያስገርመው ደግሞ እርዳታው መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ የሚያስፈልገው ብር፣ ማለትም ክትትሉና ግምገማው፣ እንደ ብክነት መቆጠሩ ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 ለለጋሾች መረጃ የሚያቀርቡ ሦስት ተቋማት፣ ከእነሱም አንዱ በመቶኛ ደረጃ በመስጠት የታወቀው ቻሪቲ ናቪጌተር፣ ለአገሪቱ ለጋሾች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው የአስተዳደር ወጪ ድርሻ ብቻውን የድርጅት መመዘኛ አይሆንም ብለዋል። ድርሻው ከልክ ሲያልፍ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ከ5 በመቶ በታች ነን ብሎ የሚፎክረውን ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛችሁ ማን ነው ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

ከመቶኛው የሚብሰው ፈታኝ ግን ፊት ነው። ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ፖል ስሎቪክ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሙከራ ለተሳታፊዎች ጥቂት ዶላር ሰጥተው ከዚያ ላይ እንዲለግሱ ጠየቁ። አንደኛው ቡድን ሮኪያ የምትባል የሰባት ዓመት ማሊያዊት ልጅ ፎቶና ታሪክ አየ፤ ሌላው በአፍሪካ ስለተራቡ ሚሊዮኖች ቁጥር አነበበ። ሮኪያን ያዩት በአማካይ 2.38 ዶላር፣ ቁጥሩን ያነበቡት 1.14 ዶላር ሰጡ። ሁለቱን አንድ ላይ ያዩት ደግሞ 1.43። ቁጥሩ ሲጨመር ርኅራኄው ቀነሰ። እንግዲህ ገንዘብ የሚያሰባስብ ድርጅት ከዚህ ምን ይማራል? አንድ ፊት አሳይ፣ ሌላውን ተው። በዚህ መንገድ የሚጎዳው ምንጊዜም መከላከል ነው፤ ያልታመመ ሰው ፎቶ የለውምና። የአዲስ አበባው የፌስቱላ ሆስፒታል ይህን ያሳየናል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 መጥተው የጀመሩት ሥራ ከ60,000 በላይ ሴቶችን አክሟል፤ እያንዳንዷ ድና ወደ ቀዬዋ ስትመለስ ማንንም የሚያስለቅስ ታሪክ አላት። ተቋሙ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ሌላ ነገር ጀመረ፦ የአዋላጆች ኮሌጅ። ፌስቱላ የሚመጣው ምጥ ረዝሞ የሚረዳ ባለሙያ ሲጠፋ ስለሆነ፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ላይ የተመደበች አንዲት አዋላጅ ሊመጣ የነበረውን ጉዳት ታስቀረዋለች። ጉዳቱ የቀረላት ሴት ግን መቅረቱን ራሷም አታውቅም። ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ ፎቶ የሚያነሣት የለም፣ የእርዳታ ጥሪም አይሠራባትም። ሁለቱም ሥራ ያስፈልጋል፤ ያለ ማስታወቂያ ገንዘብ የሚያገኘው ግን አንዱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ምጽዋት የእምነት ነገር ነው፣ ሰጪው ለነፍሱ ይሰጣል፣ ከእጁ ከወጣ በኋላ የፈጣሪ ጉዳይ ነው፣ እንደ ነጋዴ ትርፍና ኪሳራ ማስላት የምጽዋትን ወግ ያበላሻል የሚል። ቀላል ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን እምነቶቹ ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ቸልተኛ ሆነው አያውቁም። ዘካ ተቆጥሮ፣ ከተጠራቀመ ገንዘብ 2.5 በመቶ ተሰልቶ፣ ተለይተው ለታወቁ ስምንት ወገኖች የሚሰጥ ነው፤ ለፈለጉት ሁሉ የሚበተን አይደለም። በክርስትናም በሐዋርያት ዘመን ለመበለቶች በሚታደለው ምግብ የተዘነጉ አሉ ተብሎ ቅሬታ ሲነሣ፣ መልሱ ዝም በሉ አልነበረም፤ ለዚያ ሥራ የሚታመኑ ሰባት ሰዎች ተመረጡ። የመጀመሪያዎቹ ዲያቆናት የተሾሙት በስርጭት ቅሬታ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምጽዋት በስውር ይሁን የሚለው ትምህርት ሰጪው እንዳይታይ ነው የሚከለክለው፤ የተቀባዩ ጥቅም እንዳይታይ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተቀመጠ ሽማግሌ ሳንቲም ስንሰጥ ኦዲት አንጠይቅም፤ ሰው ለሰው ፊት ለፊት የሚያደርገው ነገር ነው፣ ለዘመድ የሚላከው ብርም እንዲሁ። የምናወራው ለማናያቸው ሰዎች፣ በማናያቸው ሰዎች በኩል ስለምንልከው ነው። እዚያ ላይ ዓይናችንን የሚተካው ጥያቄ ብቻ ነው።

ሁሉም ነገር አይለካም የሚሉት ደግሞ ግማሽ እውነት አላቸው። አልጋ ላይ የዋለን አረጋዊ ማጠብ፣ ለሚሞት ሰው አጠገቡ መቀመጥ በየትኛው ሚዛን ይመዘናል? አይመዘንም፣ መመዘንም የለበትም። መለኪያ ብቻ የሚያሳድድ ለጋሽ የሚቆጠረውን ረድቶ የማይቆጠረውን ይረሳል። ነገር ግን «አይለካም» የሚለው ቃል ጉዳትን መሸሸጊያም ይሆናል። በካምቦዲያ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የሕፃናት ማሳደጊያዎች ቁጥር በ75 በመቶ አደገ፤ በውስጣቸው ከነበሩት ልጆች ሁለቱንም ወላጆቻቸውን ያጡት ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ማሳደጊያ የሚጎበኙና ገንዘብ የሚሰጡ የውጭ ሰዎች በዝተው ስለነበር፣ ድሃ ወላጆች ልጆቻቸውን ለትምህርትና ለምግብ ሲሉ ወደዚያ ላኩ። የለጋሹ ፍቅር ወላጅ ያላቸውን ልጆች ከቤታቸው አወጣ። በበዓል ቀን ማሳደጊያ ሄዶ ምሳ የሚያበላ ማኅበር ይህን ሰምቶ መቅረት የለበትም፤ ግን ምሳው ካለቀ በኋላ አስተዳዳሪዋን እነዚህ ልጆች እናት ወይም አክስት አላቸው ወይ፣ ወደ ቤተሰብ የመለሳችኋቸው ስንት ናቸው ብሎ መጠየቅ ሚዛን አይፈልግም።

ተቀባዩን ማን ጠየቀው የሚለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ ወደ ኢንዶኔዥያዋ አቼ ግዛት 4,000 ቶን ያህል መድኃኒት ተላከ። ከግማሽ በላዩ በአገሪቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሌለ ነበር፤ ብዙው በማይነበብ ቋንቋ የተጻፈበት፣ አንዳንዱም ጊዜው ያለፈበት። ማስወገዱ ራሱ ሌላ ወጪ ሆነ። በደቡባዊ አፍሪካ ደግሞ ልጆች እየተጫወቱ የሚያሽከረክሩት የውኃ መሳቢያ ተፈለሰፈ፤ ሐሳቡ እጅግ ስላማረ እ.ኤ.አ. በ2006 ከአሜሪካ 16.4 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ተገባለት። አንዱ 14,000 ዶላር ያህል የሚያወጣው መሳቢያ ከተራ የእጅ ፓምፕ ብዙ እጥፍ ውድ ነበር። አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ እንዳሰላው የታቀደለትን ሕዝብ ለማጠጣት ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው። ልጆቹ ሲሰለቹ እናቶችና አሮጊቶች ጎንበስ ብለው ያንን ጎማ ይገፉ ጀመር። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንላለን፤ መንደሩ የፈለገው ሎሚ መሆኑን ግን ተረቱ አይነግረንም።

ተራው ሰው ይህን ሁሉ የሚያጣራበት ጊዜ የት አለው? እውነት ነው፣ ሁለት መቶ ብር ለመላክ የሃምሳ ገጽ ሪፖርት የሚያነብ አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የተመሠረተው ጊቭዌል ጥናቱን ሠርቶ በነፃ ያቀርባል፤ የወባ አጎበርና የቫይታሚን ኤ እርዳታን በመሳሰሉ ሥራዎች የአንድ ሰው ሕይወት ለማትረፍ በጥቂት ሺሕ ዶላሮች የሚቆጠር ወጪ እንደሚያስፈልግ ይገምታል። የእሱ ዝርዝር ግን ጥቂት ትልልቅ ድርጅቶችን ብቻ የያዘ ስለሆነ፣ ከደብረ ብርሃን ወይም ከሐዋሳ ማኅበር መካከል የቱን ልምረጥ ለሚል ሰው አይጠቅምም። ለዚያ የተሻለው መንገድ ዕድሩ ያስተማረን ነው። ሃያ የሥራ ባልደረቦች፣ ወይም በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች፣ በየጥሪው መቶ መቶ ብር ከመበተን ሁለት ድርጅት መርጠው ለዓመታት ቢይዙ፣ ከመካከላቸው አንድ ሰው በዓመት ሁለት ቀን ሰጥቶ ሊጠይቅላቸው ይችላል። ምን ሠራችሁ ሳይሆን ምን ተለወጠ፣ እናንተ ባትኖሩ አይለወጥም ነበር ወይ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የገነባችሁት ጉድጓድ ዛሬ ውኃ ይሰጣል ወይ፣ ያልተሳካላችሁስ ምንድን ነው።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትከብዳለች፤ መልሷም በአብዛኛው ከለጋሹ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። የካናዳው ድንበር የለሽ መሐንዲሶች ማኅበር ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ የውድቀት ሪፖርት ብሎ ያልተሳኩ ሥራዎቹን በየዓመቱ ያትም ነበር፤ ጊቭዌልም የራሱን ስሕተቶች የሚዘረዝርበት ገጽ አለው። እንዲህ ያለ ገጽ ጽፎ ለለጋሾቹ የሚልክ የአገር ቤት ድርጅት ነገ ቢነሣ ምን እንደሚገጥመው መገመት ቀላል ነው፤ ግማሹ ለጋሽ «ገንዘባችንን አባከኑት» ብሎ በዚያው ወር ፎቶ ብቻ ወደሚልከው ድርጅት ይዞራል። የፎቶው ድርጅት ያልተሳካለት ነገር ስለሌለ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ በሚቀጥለው ዓመት ያንን ገጽ ከሪፖርቱ ላይ ማንሣት አለማንሣቱን የሚወስነው፣ ያ ወር ሲያልቅ የባንክ ሒሳቡን አይቶ ነው።